ወይ ፍንክች ያለችው ነጥብ

ከብዙ ሰው ጋር ተጣልቼ አውቃለሁ። ከአውቶቡስ ነጂ፣ ከባንክ ጸሐፊ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እስራኤል ውስጥ አሽዶድ ወደብ ላይ ያጠመድሁትን ዓሣ ከባልዲዬ አንሥቶ ከሮጠ ድመት ጋር። ከነጥብ ጋር የተጣላሁት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ነጥብ ስላችሁ አራት ነጥቡን አይደለም፤ ከእሱ ጋር እስካሁን ሰላም ነን። እኔ የምላት በኮምፒዩተር መስኮት ላይ ቦግ እልም የምትል፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ቢጫ ነጥብ ናት። ነገሩን የማወራችሁ ሽማግሌ ሆናችሁ እንድታስታርቁን ብዬ አይደለም። ዕርቅ አልፈልግም። ዛሬም ብትመጣ ዛሬም እጣላታለሁ።

ጊዜው በፈረንጆቹ የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ሩሲያው የሚጎርፍበት፣ ከእኛም ወገን በአውሮፕላን የመጡት አዲሶች በየሰፈሩ ቤት የሚፈልጉበት ጊዜ። እኔ ቀደም ብለው በሱዳን በኩል በእግር ከመጡት ነኝ። ልጅ ሆኜ ስለ መጣሁ ዕብራይስጡም ትምህርቱም እንደ ምንም ገብቶኝ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊዚክስ እማር ነበር። ጠዋት ከአሽዶድ በአውቶቡስ እሄዳለሁ፤ ማታ በአውቶቡስ እመለሳለሁ፤ በሁለቱ አውቶቡሶች መካከል የምትተርፈኝን ጊዜ ነው ሳይንስ የምላት።

ዓሚ የሚባሉ ዶክተር ያስተምሩኝ ነበር። እሳቸው እያልሁ የማወራው አሁን በአማርኛ ስለሆነና የሚከለክለኝ ስለሌለ ነው። ፊት ለፊት ግን «ዓሚ» ነበር የሚባሉት፣ ያውም በአንተ። ዕብራይስጥ አንቱ የለውም። ጺማቸው የሸበተ፣ ክረምት ከበጋ በነጠላ ጫማ የሚሄዱ ትልቅ ሰው ናቸው፤ አንተ ልበል ብል ምላሴ ይታሰራል። ስለዚህ አንተም ሳልል ስምም ሳልጠራ፣ ዓረፍተ ነገሩን እየጎመድሁ ከረምሁ። «ሻይ... ይፈለጋል?» እላለሁ። «መስኮቱ... ቢዘጋ?» እላለሁ። እሳቸው ዕብራይስጤ ገና ያልበሰለ መስሏቸው ያዝኑልኛል፤ ቀስ ብለውም ያናግሩኛል። እኔ እቴ! አክባሪ ነኝ እንጂ ደካማ አይደለሁም።

የዶክተር ዓሚ ሥራ ማግኔት ነው። ብረት ውስጥ ያለች እያንዳንዷ ቅንጣት ጎረቤቶቿን ታያለች ይላሉ። ጎረቤቶቿ ወደ ላይ ከዞሩ እሷም ወደ ላይ፣ ወደ ታች ከዞሩ እሷም ወደ ታች፤ እንዲህ እየተያዩ ብረቱ ማግኔት ይሆናል። ይህን እኔም ተምሬዋለሁ፤ ከማንም አላጣላኝም። አንድ ቀን ግን ጠመኔያቸውን አስቀመጡና «ቅንጣቷን አውጥተን ሰው ብናስገባባትስ?» አሉ። «ሰፈር ይሆናል። ሰው ከመሰሉ ጋር ተከማችቶ የሚኖርበት ነገር በማግኔት ሒሳብ ይፈታል።» ከዚያ የኮምፒዩተር ፕሮግራሙን የሚጽፍ ሰው ፍለጋ ክፍሉን ቃኙ። ዐይናቸው ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ ዐረፈ። ጥቁር እኔ ብቻ ነበርሁ። «ጉዳዩ ላንተ የበለጠ ይገባሃል» አሉኝ፣ በደግነት።

ሥራው ቀላል ነበር። መስኮቱን እንደ ዳማ ሰሌዳ ትከፋፍላለህ። ሰማያዊና ቢጫ ነጥቦች ቀላቅለህ ትበትናለህ፣ ጥቂት ቤት ባዶ ትተዋለህ። ከዚያ ለያንዳንዷ ነጥብ አንድ ሕግ ትሰጣታለህ፦ በዙሪያሽ አንቺን የመሰለ ጥቂት ካለ ተቀመጪ፤ ከሌለ ባዶ ቤት ፈልገሽ ሂጂ። ልብ በሉልኝ፣ ነጥቦቹ ክፉ አይደሉም። ሌላ ቀለም አጠገቤ አይድረስ አላሉም። ብቻዬን አታስቀሩኝ ነው ያሉት። ይህን ልመና እኔም ለምኜ አውቃለሁ። በሰሌዳው መካከል ያለችውን አንዲት ቢጫ ነጥብ በልቤ እናቴ አልኋትና ቁልፉን ተጭኜ ውኃ ልጠጣ ወጣሁ።

ስመለስ ሰማያዊው በአንድ ወገን፣ ቢጫው በሌላ ወገን ተከምሯል። እናቴ የለችም። አንዷ ሄደች፤ እሷ ስትሄድ አጠገቧ የነበረችው የሚመስላት አነሰባትና ሄደች፤ ከዚያ ሌላዋ ሄደች። ማንም ማንንም ሳይጠላ ሰፈሩ ተሰነጠቀ። እንደገና በተንኋቸው፤ እንደገና ተለያዩ። ያቺን መካከለኛዋን ዐይኔን ሳልነቅል ጠበቅኋት። ግራ ቀኟን አየች መሰለኝ፣ ብድግ አለች። «ቁጭ በይ!» ብዬ በአማርኛ ጮኽሁባት። ላብራቶሪው በሙሉ ዞሮ አየኝ። እሷ ግን ጥጓን ይዛ ከመሰሎቿ ጋር ተቀምጣለች።

ዶክተር ዓሚ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «አትድከም፣ የሚያድነው ሙቀት ብቻ ነው» አሉ። «ብረት ሲግል ቅንጣቶቹ ይቀወጣሉ፤ ማን ወዴት እንደዞረ አይታወቅም። ሰፈርም ትርምስ ካለው እንደተደባለቀ ይኖራል። የሚለያየው ሲቀዘቅዝ ነው።» ይህን የሙቀት ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ጉድ የሚያፈላው እሱ ነው።

አሁን ወደ ቤት ልውሰዳችሁ። እኔና እናቴ ሮቫ ዳሌት የሚባል ሰፈር፣ ሊፍት የሌለው ብሎክ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ እንኖራለን። አባቴ ሱዳን ቀርቷል፤ የተቀበረበትን እናቴ ታውቀዋለች፣ እኔ አላውቀውም። ፊት ለፊታችን ፍሬሃ የምትባል የሞሮኮ መበለት አለች። ከላያችን ደግሞ ከሩሲያ በቅርቡ የመጣ ቦሪስ የሚባል መሐንዲስ ይኖራል፤ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ ክንድ ሙሉ የሚረዝም ጡሩንባ ይነፋል። እናቴ በርበሬ በሙቀጫ ስትወቅጥ ፍሬሃ ግድግዳውን በመጥረጊያ ዘንግ ትደበድባለች። ቦሪስ ጡሩንባውን ሲያነሣ ሁለቱም ሴቶች በየቤታቸው ጣሪያውን ይደበድባሉ። ይህን ነው ጉርብትና የምንለው።

እናቴና ፍሬሃ ቋንቋ አይግባቡም። እናቴ ዕብራይስጥ እንቢ ብሏታል፤ ፍሬሃ ደግሞ አማርኛን የምትሰማው ግድግዳ አልፎ ሲመጣ ብቻ ነው። ሆኖም ማክሰኞ ማክሰኞ እናቴን ለደም ግፊቷ ክሊኒክ የምትወስዳት ፍሬሃ ናት። ለምን ብትሉ፣ እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ወይም ሹም ፊት እምቢ አይባልም። አንገትህን ሰበር አድርገህ እሺ ትላለህ፤ ትወጣለህ፤ ከዚያ እንደ ልብህ ነው። ጠያቂውም ይህን ያውቃል። እሺታህ የልብህ መሆኑን ሊያረጋግጥ ሌላ ቀን ተመልሶ ይጠይቅሃል፤ ከልብህ ካልሆነ ነገሩ ሳይነገር ይቀዘቅዛል፣ ማንም አይዋረድም። የክሊኒኩ ጸሐፊ ግን ጎንደር አላደገችም። «ዛሬ ሞልቷል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ነይ» ስትላት እናቴ እሺ ብላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ዘመዶቼ በሙሉ እሺ ብለው ይመለሳሉ። ፍሬሃ ግን ጠረጴዛውን በመዳፏ ትመታና «ሎ!» ትላለች። ሎ ማለት እምቢ፣ አይሆንም ማለት ነው። እሷ ስትለው ሐኪሙ ራሱ ከክፍሉ ይወጣል።

ያን ዕለት ከነጥቦቼ ተሸንፌ ወደ ቤት ስገባ የእናቴ ታላቅ ወንድም አባ ይርጋ ሳሎን ተቀምጠዋል። አባ ይርጋ ሮቫ ጊሜል ነው የሚኖሩት። እሳቸው ባሉበት መግቢያ ከላይ እስከ ታች የእኛ ሰው ነው፤ በደረጃው ስትወጣ ስትወርድ ስትሳለም ግማሽ ቀን ይሄዳል።

«አንጓች፣ እኅቴ» ይሏታል እናቴን፣ «ከኔ በላይ ያለው ቤት፣ ዲራው፣ ሊለቀቅ ነው። ወንድም እያለሽ፣ ዘመድ እያለሽ፣ በባዕድ መካከል እስከ መቼ ነው? ብታመሚ ማን ያይሻል? ነይ ወደኛ።»

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «እሺ አያ ይርጋ፣ አንቱ እንዳሉ» አለች።

እኔ አመንኋት። የክሊኒኩን ታሪክ አሁን የነገርኋችሁ እኔ ነኝ፤ የጎንደር ሕፃን እንኳ የሚያውቀውን እኔ ማወቅ ነበረብኝ። ግን ቀኑን ሙሉ ከነጥብ ጋር ውዬ መጥቻለሁ። ለነጥብ እሺ ማለት እሺ ማለት ነው። መካከለኛዋ ቢጫ ብድግ ስትል ታየኝ። አንዷ ከተነሣች የቀሩት በሙሉ እንደሚከተሉ ደግሞ በዐይኔ አይቻለሁ። አጎቴን መቃወም አልችል፤ ጎረቤትን መለመን ግን እችላለሁ አልሁና የፍሬሃን በር አንኳኳሁ።

ፍሬሃ የወጥ ቤት ጠረጴዛዋ ላይ ሽንብራ ትለቅማለች። ጥቁር የወይራ ፍሬም በሳህን ቀርቧል። ሰው አእምሮ ቢኖረው ኖሮ «እናቴ ልትሄድ ነው፣ ተይ በያት» ብሎ ነገሩን ይጨርሰዋል። እኔ ግን ሳይንስ አለኝ። ሽንብራውንና ወይራውን ጠረጴዛው ላይ ቀላቅዬ ደረደርሁ።

«ይህ ብሎካችን ነው እንበል» አልኋት። «ይቺ ወይራ እናቴ ናት። ይቺ ሽንብራ አንቺ ነሽ። አሁን ወይራዋ ተነሣች። ያኔ ይቺኛዋ ወይራ ብቻዋን ቀረች፣ ተነሣች። ከዚያ ሌሎች ወይራዎች በዙ፣ ሽንብራዋ ፈራች፣ እሷም ተነሣች...»

ፍሬሃ ሽንብራዋን አየቻት። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«አንጓች ትሄዳለች?»

«ሒሳቡ የሚለው...»

«ሳትነግረኝ? ከማክሰኞ እስከ ማክሰኞ እየጎተትኋት ኖሬ፣ ሳትነግረኝ? አንተ ደግሞ ቤቴ መጥተህ ጥቁር ፈርታ ትሮጣለች ትለኛለህ! እኔ!»

«አንቺ አይደለሽም፣ ሽንብራዋ ናት...»

«ውጣ!» አለች። ወይራው ተከትሎኝ ወጣ፤ አንዱ ማጅራቴን አገኘኝ።

በማግሥቱ ጠዋት የፍሬሃ በረንዳ ላይ «የሚሸጥ» የሚል ካርቶን ተሰቅሏል። ቤር ሼቫ ያለችው ልጇ ነይ ነይ ስትላት ዘመን ሆኗታል፤ እናቴን ብላ ነበር የቀረችው፣ እናቴ ግን ካደቻት። ይህን ለሚወጣ ለሚወርደው ሁሉ በደረጃው ላይ ትናገራለች፤ ለእናቴ ብቻ አትናገርም፣ ብትናገርም አይገባትም። የማስተረጉምላቸው እኔ ነበርሁ። እኔ ደግሞ ማጅራቴን እያሸሁ ነበር።

ካርቶኑን ቦሪስ አየ። «ምንድን ነው የሆነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እዚህ ላይ አፌን መዝጋት ነበረብኝ፤ ግን የተማረ ሰው ነው፣ ይረዳኛል ብዬ ነገሩን ከማግኔቱ ጀምሬ አስረዳሁት። ተረዳኝ። እንደ ቦሪስ ቶሎ የገባው ሰው አላየሁም፤ የዶክተር ዓሚ ተማሪዎች እንኳ ያን ያህል አልፈጠኑም። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ጥሩ ሞዴል ነው» አለ። «እንግዲያው ቀድሞ የሸጠ ነው የሚሻለው።» ወጥቶ ካርቶን ቆረጠ። ጽሑፉ በዕብራይስጥ ስሕተት ነበረበት፤ አርምልኝ አለኝ። አረምሁለት! እጄ ይቆረጥ፣ በገዛ እጄ አረምሁለት።

ማክሰኞ ደረሰ። ፍሬሃ አላንኳኳችም። እናቴ ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በሩ አጠገብ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ብቻዋን ሄደች። ጸሐፊዋ በሚቀጥለው ሳምንት ነይ አለቻት፤ እሺ አለች። ደረጃውን ስትወጣ አዞራት፤ እኔ ስደርስ መወጣጫው ላይ ተቀምጣለች። ቀና ብላ ከመስኮቱ ውጪ የተሰቀሉትን ካርቶኖች አሳየችኝ።

«ማንበብ አልችልም፣ ግን ምን እንደሚሉ ገብቶኛል» አለችኝ። «ልጄ፣ ሸተትናቸው እንዴ?»

እናንተዬ፣ ይህን ከእናት አፍ መስማት ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ? አባቴን ሱዳን ስትቀብር ያላለቀሰች ሴት፣ መወጣጫ ላይ ተቀምጣ እያለቀሰች የልብሷን ጫፍ ታሸታለች። ያስለቀሳት ደግሞ ክፉ ሰው ቢሆን እደባደበው ነበር። ያስለቀሳት የኔ ነጥብ ነው። ያኔ ነው የማልሁት። ማግኔትም ይሁን ብረት፣ ሒሳቡም ትክክል ይሁን፤ የኔ እናት ቤቷን የምትለቀው ራሷ ስትፈልግ እንጂ ሰሌዳ ሲያዛት አይደለም።

በማግሥቱ ዶክተር ዓሚ ዘንድ በርግጄ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ወይራውንም ሳይቀር። ይደነግጣሉ ስል ፊታቸው በራ። «ግሩም!» አሉ። «ከሰሌዳው ወጥቶ ሰፈር ገባ ማለት ነው! መጥቼ ልየው? የፎቶ ካሜራ ይዤ?»

ደሜ ፈላ። «አንተ!» አልኋቸው። ስድብ የመሰለኝን ቃል በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ ሰው ላይ አወጣሁ። «አንተ አትመጣም! አንተ እናቴን ፎቶ አታነሣም! አንተ ማግኔትህን ይዘህ ተቀመጥ!»

ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ፈገግ አሉ። «ዕብራይስጥህ በጣም ተሻሽሏል» አሉኝ። ጎንደር ብሆን ለዚህ ቃል ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ እለምን ነበር፤ እዚህ ግን ሻይ ቀዱልኝ። ስወጣ ከኋላዬ «ሙቀት!» ብለው ጮኹ። «ብቸኛው መድኃኒት ሙቀት ነው፣ አትርሳ!»

በአውቶቡሱ ላይ ሳስበው መጣሁ። ሙቀት ማለት ትርምስ ነው። ትርምስ ከሆነ እኛ ብሎክ ምን ያጥረዋል? ፍሬሃ ቤቱን ሊያይ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ገዢ እንዳላት በደረጃው ላይ ስታወራ ሰምቻለሁ። እኔም እሑድ ብሎኩን ላግለው ተነሣሁ። እናቴን «በርበሬው እያለቀ ነው፣ እሑድ ብትወቅጪው» አልኋት፤ መቼም በርበሬ ሲያልቅ ዝም አትልም። ቦሪስን «እሑድ የሚመጣው ሰውዬ ሙዚቃ ይወዳል፣ ምናልባት ያንተንም ቤት ያይ ይሆናል» አልሁት፤ ጡሩንባውን በዘይት ወለወለ። ፍሬሃን ምንም ማለት አላስፈለገም። ለፍሬሃ ሙቀት የሚጨምርላት የለም፤ ከፋብሪካ እንደዚያ ሆና ነው የወጣችው።

እሑድ ደረሰ። ከባሕሩ ነፋስ የለም፤ የበረሃው ሐሩር የወረደበት ቀን ነበር፤ ተፈጥሮም አገዘኝ ብዬ ደስ አለኝ። ገዢው ቦርሳ የያዘ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ዝምተኛ ሰው ነው። ፍሬሃ በሯን ከፍታ «ጸጥ ያለ ብሎክ ነው» ስትለው በጆሮዬ ሰማሁ። ወዲያው እናቴ ዘነዘናውን ጣለችው። ዱም! ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ዱም! ከላይ የቦሪስ ጡሩንባ እንደሚታረድ በሬ አጓራ። ገዢው ጣሪያውን አየ። ፍሬሃ ልትታገሥ ሞከረች፤ ከንፈሯን ስትነክስ አየኋት። ግን የስንት ዘመን ልማድ ነው፣ እጇ አላስቻላትም፤ ከገዢው ፊት መጥረጊያውን አንሥታ ግድግዳውን ትደበድበው ጀመር።

እኔ በራችን ላይ ቆሜ እጄን እያፋተግሁ ነው። ያኔ ነው ያላሰብሁት ሙቀት ከታች የመጣው። አባ ይርጋ በትራቸውን ይዘው፣ ዘመድ አዝማዱን አስከትለው፣ ደረጃውን ሞልተው ይወጣሉ። ከመንገዱ ዳር የዕቃ መኪና ቆሟል። ለካ በመካከሉ አንድ ቀን መጥተው ደግመው ጠይቀዋት፣ እሷም በካርቶኖቹ ሆድ ብሷት ደግማ እሺ ብላቸው ኖሯል። ነገሩ በእሺታ ብቻ እንዳይቀር ዛሬ አልጋዋን ተሸክመው ሊሄዱ ነው የመጡት። ዘመዶቼ ገዢውን የፍሬሃ በር ላይ ሲያገኙት የቤቱ ሰው መስሏቸው ይሳለሙት ገቡ። እያንዳንዳቸው ጉንጩን ግራ ቀኝ ሳሙት፤ ጤናውን፣ የልጆቹን ጤና ጠየቁት። ቦርሳውን ደረቱ ላይ ይዞ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

እናቴ ዘነዘናዋን እንደያዘች ወጣች። ወቀጣው ሲቆም መጥረጊያው ቆመ፤ ጡሩንባውም ቆመ፣ ቦሪስ በደረጃው መደገፊያ ላይ አንገቱን አውጥቶ ቁልቁል ያያል። ሙቀቴ በሙሉ የት እንደገባ እንጃ።

አባ ይርጋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ አንጓች» አሉ፣ «ዘመድሽ መጥቷል። እንሂድ።»

እናቴ አንገቷን እንደ ወጉ ሰበረች። እሺ ልትል ነው ብዬ ዐይኔን ጨፈንሁ። ስገልጠው አሁንም አንገቷን እንደሰበረች ናት። ከዚያ ቀና ብላ ፍሬሃን አየቻት። ፍሬሃም መጥረጊያዋን እንደያዘች አየቻት፤ ካርቶኑ ከተሰቀለ ወዲህ ዐይን ለዐይን የተያዩት ያኔ ነው። እናቴ እንደገና አንገቷን ሰበረች፣ ሁለት እጆቿን ዘነዘናው ላይ አጣመረች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ ምርቃት በአክብሮት፦

«ሎ» አለች።

«ምን አልሽ?» አሉ አባ ይርጋ።

«ሎ፣ አያ ይርጋ።»

በአማርኛ እምቢ ብትላቸው ኖሮ ዘመድ በሙሉ ለሁለት ይከፈል ነበር። ታላቅ ወንድም፣ ሰው ፊት፣ እምቢ! በዕብራይስጥ ግን የሚያስቀይም የለም፤ አንቱ የሌለው ቋንቋ ለካ ለዚህ ለዚህ ይጠቅማል። አባ ይርጋ ይቆጡ ወይስ አይቆጡ ሲያመነቱ በትራቸው ዐየር ላይ ቀረች።

«ይህን ማን አስተማረሽ?»

እናቴ በዘነዘናው ጫፍ ፍሬሃን አመለከተች። «እዚያ ዘመድ አለኝ፣ እግዚአብሔር ያኑራችሁ» አለች። «ግን ሁላችንም እሺ ባዮች ነን፣ አያ ይርጋ። ክሊኒክ ዐሥር ሆነን ብንሄድ ዐሥራችንም እሺ ብለን እንመለሳለን። እዚህ የምትጮህልኝ አለችኝ። ልተውሽ ካለችኝም ከራሷ አፍ ልስማው።»

ፍሬሃ ክንዴን ጨመደደችኝ። «ምን አለች? ምን አለች? ተርጉም!»

«አልሄድም አለች» አልኋት፣ ትንሽም ከራሴ ጨመርሁበት። «ሄጄም አላውቅ፣ ልሄድም አላሰብሁ፣ እሺ ያልሁት ለክብራቸው ነው አለች። አንቺ ለምን እንደምትተዪኝ ከራስሽ አፍ ልስማው አለች።»

ፍሬሃ መጥረጊያዋን ጣለች። ይህ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ያየሁት ነገር ነው። ከዚያ ወደ ገዢው ዞረች። «አንተ ደግሞ ቤቴ ውስጥ ምን ትሠራለህ?» አለችው። ሰውየው ዘመዶቼን ገፍቶ ቁልቁል ወረደ፣ ስሞ ያልጨረሰው አንድ ሽማግሌ እስከ ታች ተከተለው። ፍሬሃ በረንዳ ገብታ ካርቶኑን ቀደደች። ከላይም የካርቶን መቀደድ ተሰማ። ቦሪስ ወርዶ ሞዴሉ አሁን ተለውጧልና ማንም ካልሸጠ መሸጥ ስሕተት ነው ብሎ በሰፊው አስረዳኝ። አልሰማሁትም። እናቴና ፍሬሃ ደረጃው ላይ ቆመው አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በዕብራይስጥ እየተጯጯሁ ነበርና እነሱን እየሰማሁ ነበር። ምን እንደተባባሉ አልተረጎምሁም፤ አስተርጉምም ያለኝ የለም።

አባ ይርጋ ግን እንደቆሙ ናቸው። ያኮርፋሉ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ጠጋ ብለው በጆሮዬ «ልጄ» አሉኝ፣ «ያቺ ሴትዮ ማክሰኞ ለአንጓች ጮሃ ስትጨርስ፣ ጉልበቴን ለሚያየው ሐኪም ለኔም ትንሽ ብትጮህልኝ ብለህ ትለምንልኛለህ?» የዕቃ መኪናው ባዶውን ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ፍሬሃ የምትመራው ሰልፍ ከሮቫ ዳሌት ተነሥቶ ክሊኒኩን ይወርራል። ጸሐፊዋ ገና ከሩቅ ስታያቸው በሩን ትከፍታለች አሉ።

አልዋሻችሁም፣ ብዙ ብሎኮች ነጥቡ እንዳለው ሆኑ። የአባ ይርጋ መግቢያ ሙሉ በሙሉ የእኛ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሙሉ በሙሉ የሌላ ነው። ዶክተር ዓሚ አልተሳሳቱም። ትክክል መሆን ግን አዛዥ አያደርግም። ፀሐይም በጊዜዋ ትጠልቃለች፣ እኔ ግን የምተኛው እንቅልፌ ሲመጣ ነው።

ወደ ላብራቶሪው ተመልሼ ፕሮግራሙን ከፈትሁ። ሰማያዊውንና ቢጫውን እንደ ልማዴ በተንሁ። ከመካከል ያቺን ነጥብ አገኘኋትና ሕጉን ከላይዋ ላይ አነሣሁት። ቁልፉን ተጫንሁ። ሰሌዳው ታመሰ፤ ነጥቦቹ እንደ ልማዳቸው ወደየጥጋቸው ሮጡ፣ ተከመሩ። እሷ ወይ ፍንክች! ጥቂት ሰማያዊዎች አጠገቧ ቀሩ፤ ከቢጫም አንድ ሁለት ቀሩ። ዶክተር ዓሚ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ መጥተው ከትከሻዬ በላይ አጎንብሰው ተመለከቱ። መነጽራቸውን አስተካከሉ። ጣታቸውን መስኮቱ ላይ ጣሉ።

«እዚህ ጋ ስሕተት አለብህ» አሉ። «ይቺ ነጥብ አትነሣም።»

«ስሕተት አይደለችም» አልኋቸው። «እናቴ ናት።»